ሃንገር ምንድን ነው? ማርሽ አልገባ ሲል መጀመሪያ የምትታየው ቁራጭ

ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። ፍሬኑ ይሠራል፣ ጎማው አልተነፈሰም፣ የተሰበረ ነገርም አይታይም። ማርሹ ግን አመል አወጣ። ትንንሾቹ ማርሾች ላይ ደህና ነው። ወደ ትልልቆቹ ሲወጣ ይንቀጫቀጫል፣ አንዱን ዘሎ ሌላው ላይ ይቀመጣል፣ ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። እንዲህ ሲሆን የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ወደ ኬብሉ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሃንገሯን እዩ እላለሁ።

ሃንገር የኋላውን ማርሽ ቀያሪ፣ ማለትም ዲሬይለሩን፣ ከፍሬሙ ጋር የምታያይዝ ትንሽ ቁራጭ ናት። ቦታዋ በቀኝ በኩል፣ የኋላው ጎማ ፍሬሙ ላይ የሚታሰርበት ጋ ነው። በአሉሚኒየምና በካርቦን ፍሬሞች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተፈትታ የምትቀየር ናት። የምትሠራው ሆን ተብሎ ከለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ድንጋይ ዲሬይለሩን ሲመታው እሷ ትጎብጣለች ወይም ትሰበራለች፣ ፍሬሙ ይተርፋል። ልክ እንደ ፊውዝ ማለት ነው። ረከስ ያሉ የብረት ፍሬሞች ላይ ግን ሃንገሯ ከፍሬሙ ጋር አንድ ላይ የተሠራች ስለሆነች አትፈታም።

ትንሽ መጉበጧ ይህን ያህል ለምን ይረብሻል? ድሮ ማርሽ የሚቀይረው ሰው ማንሻውን በስሜት ነበር የሚያስተካክለው። ካቴናው በደንብ ካልተቀመጠ በእጁ ትንሽ ይገፋዋል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1984 የጃፓኑ የሳይክል ዕቃ አምራች ሺማኖ ኤስ.አይ.ኤስ. የተባለውን አሠራር ካወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማንሻው ቀጭ ባለ ቁጥር ኬብሉን የሚስበው በተለካ መጠን ነው። ባለ 7 ማርሽ ካሴት (የኋላው ጎማ ላይ ያሉት ማርሾች ስብስብ) ላይ ከአንዱ ማርሽ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ባለ 12 ላይ ከ4 ሚሊሜትር በታች ወርዷል። ስለዚህ ዲሬይለሩ በትንሹ እንኳ ካዘመመ ቀጭታው ልክ ሆኖ ካቴናው ልክ ቦታው አይደርስም። ስህተቱ ደግሞ ሁሉም ማርሽ ላይ እኩል አይደለም። ኬብሉን ለትንንሾቹ ስታስተካክሉ ትልልቆቹ ይበላሻሉ፤ ለትልልቆቹ ስታስተካክሉ ትንንሾቹ። ይህን ካያችሁ ኬብሉን ማጠባበቅ አቁሙ።

አደጋም አለው። ሃንገር ብዙ ጊዜ የምትጎብጠው ወደ ውስጥ፣ ወደ ጎማው ነው። በዚያ ሁኔታ ትልቁን ማርሽ ካስገባችሁ ዲሬይለሩ የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጎማው እየተሽከረከረ ከያዘው ገንጥሎት ይሄዳል፣ ሽቦዎቹንም ይበጥሳል። ከወደቃችሁ በኋላ ሳታዩ ትልቁን ማርሽ አትንኩ።

ማየቱ ቀላል ነው። ካቴናውን መሃል ማርሽ ላይ አድርጉት። ከሳይክሉ ኋላ ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁን ከካሴቱ እኩል አውርዱ። ዲሬይለሩ ላይ ካቴናው የሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች አሉ። ከላዩ ወደ ታችኛው በዓይናችሁ መስመር አስምሩ። መስመሩ ማርሾቹ በቆሙበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። የታችኛው ወደ ጎማው ካዘነበለ ሃንገሯ ጎብጣለች።

ለዓይን የማይታይ መጉበጥም አለ። መካኒኩ ዲሬይለሩን በ5 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ይፈታና ቀዳዳው ውስጥ ረጅም ክንድ ያለው መለኪያ ያስገባል። ክንዱን እያዞረ ከጎማው ቸርኬ ጋር ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከታች፣ ከፊትና ከኋላ ያያል። ልዩነቱ ከ4 ሚሊሜትር ከበለጠ በዚያው መሣሪያ ቀስ እያለ ያቀናታል። አሉሚኒየም ግን ደጋግሞ መቃናት አይወድም፣ ይሰነጠቃል። አንዴ ከተቃናች መለዋወጫ መፈለግ ጀምሩ።

ሁሉንም ጥፋት እሷ ላይ መጫንም ልክ አይደለም። ወደ ትልልቆቹ በደንብ ወጥቶ ወደ ትንንሾቹ ሲመለስ የሚዘገይ ከሆነ ኬብሉ ወይም ሽፋኑ ቆሽሿል፣ ዝጓል። ዳገት ላይ አጥብቃችሁ ስትረግጡ ብቻ የሚዘል ከሆነ ካቴናው ወይም ካሴቱ አልቋል። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ ወደ ትልልቆቹ መውጣት ከሰነፈ ግን ኬብሉ ላልቷል ማለት ነው፤ ኬብሉ ዲሬይለሩ ወይም ማንሻው ውስጥ የሚገባበት ጋ ያለውን በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ሩብ ዙር ወደ ግራ እያዞራችሁ ሞክሩት።

መለዋወጫው ላይ ነው ችግሩ። ሃንገር እንደየፍሬሙ ይለያያል፣ በመቶ የሚቆጠር ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስራም የተባለው የሳይክል ዕቃ አምራች ዩ.ዲ.ኤች. የተባለ ለብዙ ፍሬም የሚሆን አንድ ዓይነት ሃንገር አወጣ፤ አሁን ብዙ አዳዲስ ማውንቴን ሳይክሎች ይህን ይዘው ይመጣሉ። የእናንተ ካልሆነ የሳይክሉን ስም፣ ሞዴልና ዓመት ያዙ። ሃንገሯን ፈትታችሁ ከማስመሪያ ጎን አስቀምጡና ፊትና ጀርባዋን ፎቶ አንሱ። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የምትልኩት ይህንን ነው። በስም ብቻ ከታዘዘች ሌላ ሃንገር ልትመጣ ትችላለች፣ የብሎን ቀዳዳዋ በትንሹ ከተለየ ደግሞ አትገጥምም። ሲገኝ ሁለት ይምጣ፤ አንዷ ከኮርቻው ሥር ባለችው ቦርሳ ውስጥ ትቀመጥ።