ካንዴላ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ሲቀየርስ ጥንቃቄው የት ላይ ነው?

ካንዴላ በቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳት የሚለኩሰው ዕቃ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ አየሩንና ቤንዚኑን ሲያምቀው በካንዴላው ጫፍ፣ በሁለት ትንንሽ ብረቶች መካከል ብልጭታ ይዘላል። የታመቀው ድብልቅ ይቀጣጠላል፣ ፒስተኑ ተገፍቶ ይወርዳል፣ መኪናውም የሚንቀሳቀሰው በዚህ ግፊት ነው። የናፍጣ ሞተር ይህ ዕቃ የለውም። ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ በጣም ሲታመቅ ስለሚግል ነው፤ እዚያ ካንዴሌታ የሚባለው ሞተሩ በቅዝቃዜ ሲነሳ ክፍሉን ያሞቃል እንጂ ብልጭታ አይሰጥም።

ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ በዚህ ጉልበት ብልጭታ በታመቀ አየር ውስጥ አይዘልም። ቦቢናው ነው ወደ አሥር ሺዎች ቮልት የሚያሳድገው። ባለአራት ምት ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይለኮሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ፣ በሰዓት 90,000 ጊዜ እሳት ይሰጣል። እያንዳንዱ ብልጭታ ከብረቱ ጥቂት ይበላል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ብልጭታው ለመዝለል ተጨማሪ ቮልት ይጠይቃል፤ ያን ቮልት የሚያመነጨው ደግሞ ቦቢናው ነው። መቀየሪያ ጊዜው ያለፈበት ካንዴላ ቦቢና የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያረጀ ካንዴላ ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ሞተሩ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይቆራርጣል፣ ነዳጅ ይበላል። ከሁሉም የከፋው ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ሄዶ ጭሱን በሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ መንደዱ ነው። የሞተር ምልክት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ይህ እየሆነ ነው ማለት ስለሆነ ጋዝ ቀንሶ በቶሎ መቆም ይገባል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ካንዴላዎቹ ከላይ ለሚታዩበት ባለአራት ሲሊንደር ሞተር አንድ ሰዓት ይበቃል። ነገር ግን ካንዴላው ጠንካራ ብረት ነው፣ የሚገባበት ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ተሳስተው ቢያስገድዱት የሚላጠው የካንዴላው ጥርስ ሳይሆን የቴስታታው ነው። የተበላሸ ካንዴላ ይጣላል፤ የተላጠ ቴስታታ ግን ማስተካከያ ቡሽ ማስገባት፣ ሲብስም መውረድ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ከሞላ ጎደል ያንን ጥርስ ለማዳን ነው።

የትኛውን መግዛት?

መልሱ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ነው። አሮጌውን ነቅሎ ቁጥሩን መገልበጥ ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ የቀየረው ሰው የተሳሳተ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ትርጉም አለው። ለምሳሌ የኤንጂኬ ፋብሪካው «ቢኬአር6ኢ-11» ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ርዝመቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ ቁልፉ 16 ነው፤ «አር» የሚለው ውስጡ ሬዚስተር እንዳለው፣ 6 የሙቀት ደረጃውን፣ 11 ደግሞ የ1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተቱን ይነግራል። ሬዚስተሩ ብልጭታው ሬዲዮውንና የሞተሩን ኮምፒውተር እንዳይረብሽ የሚያደርግ ስለሆነ ሬዚስተር በሌለው መተካት ስህተት ነው። የጥርሱ ርዝመትም እንዲሁ፤ ከልኩ የረዘመ ካንዴላ ፒስተኑን ወይም ቫልቩን ሊመታ ይችላል፣ ያጠረ ከሆነ ደግሞ የቴስታታው ባዶ ጥርስ በካርቦን ይሞላና በሚቀጥለው ጊዜ ትክክለኛው አልገባ ይላል።

የሙቀት ደረጃ የሚባለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። የካንዴላው አፍንጫ ጥላሸቱን ራሱ አቃጥሎ እንዲያጸዳ ከ450 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ አለበት፤ ከ850 ወይም 900 ካለፈ ግን ራሱ እንደ ፍም ሆኖ ድብልቁን ያለጊዜው ይለኩሳል። ያለጊዜው የሚነሳ እሳት ፒስተን ይበሳል። «ቀዝቃዛ» ካንዴላ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ያስተላልፋል፣ «ሞቃት» የሚባለው ይይዘዋል። ቁጥሩ በየፋብሪካው መለያየቱን ልብ ይበሉ፤ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፣ በቦሽ ግን ሲጨምር ሞቃት ይሆናል። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ቁጥር ከቁጥር ማመሳሰል አይሠራም፤ የማዛመጃ ሰንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል።

ተራው የኒኬል ካንዴላ ብዙ ጊዜ ከ30,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ፕላቲነምና ኢሪዲየም እስከ 100,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ፤ ኢሪዲየም እንዲገባበት የተሠራ ሞተር ላይ ተራውን መክተት አያዋጣም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። ከመግዛትዎ በፊትም ብዛታቸውን ያረጋግጡ፤ በአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ያላቸው ሞተሮች አሉ።

ክፍተቱን መለካት

አዲስ ካንዴላ «ተስተካክሎ የመጣ» ቢባልም በጉዞ ላይ ተመትቶ ሊዘጋ ስለሚችል መለካት አለበት። በአብዛኞቹ መኪኖች ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። የሽቦ መለኪያው መጠነኛ ግጭት እየተሰማ ማለፍ አለበት። ማስተካከል ካስፈለገ የሚታጠፈው ከጎን የሚመጣው የማሳው (ከካንዴላው አካል ጋር የተያያዘው) ብረት ብቻ ነው። መሐለኛውን ተደግፎ መፈልቀቅ ሴራሚኩን ይሰነጥቃል፤ ኢሪዲየም ከሆነ ደግሞ የመርፌ ያህል የቀጠነው ጫፍ ይሰበራል። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነውን፣ ዳሩ እየወፈረ የሚሄደውን መለኪያ ኢሪዲየም ላይ አይጠቀሙ። ጠረጴዛ ላይም ሆነ መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ ክፍተቱ ደህና ቢመስልም ሴራሚኩ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ይጣል።

መፍታት

ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ፣ ቢቻል ቢያድር። የጋለ አሉሚኒየም ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ጥርሱም ከካንዴላው ጋር ተያይዞ ይወጣል። ቁልፉን ከመኪናው ያውጡ። የፕላስቲክ ሽፋኑን ካነሱ በኋላ በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ ወይ ቦቢና ወይ ወፍራም ገመድ ያያሉ። ቦቢና ከሆነ የሶኬቱን መቆለፊያ ምላስ ተጭነው ይንቀሉ፣ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር የሆነውን ቡሎን ይፍቱ፣ ቦቢናውን ግራና ቀኝ ትንሽ አዙረው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ሶኬቶቹ ከሙቀት ብዛት እንደ ብስኩት ይሰበራሉ፣ በካቻቢቴ ባይፈለቀቁ ይሻላል። ገመድ ከሆነ የሚያዘው ከጎማው ጫፍ ነው፤ ገመዱን መጎተት ውስጡን ይበጥሳል። አንዱን ነቅሎ፣ ቀይሮ፣ መልሶ ወደሚቀጥለው መሄድ ይመረጣል፤ ሁሉም አንዴ ከተነቀሉ ገመዶቹ ይቀያየራሉ፣ ሞተሩም ወይ አይነሳም ወይ ይተኩሳል።

አሁን ካንዴላውን ከመፍታት በፊት መነጽር አድርገው ካንዴላው የተቀመጠበትን ጉድጓድ በአየር ይንፉ። ጉድጓዱ አሸዋና ቅጠል ያጠራቅማል፤ ካንዴላው ሲወጣ ያ ሁሉ ወደ ሲሊንደሩ ይወርድና ግድግዳውን ይቧጥጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካለ ደግሞ የቫልቭ ክዳኑ የጉድጓድ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ጎማ) አርጅቷል ማለት ነው። ዘይቱ ይጠረግ፣ ጎሚኒውም ይቀየር፤ ካልተቀየረ አዲሱን የቦቢና ጎማ አልስልሶ ያበላሸዋል።

ውስጡ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው የካንዴላ ቡሶላ (ካንዴላውን ከላይ የሚውጥ የመፍቻ ራስ) ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ 16 ቁጥር ነው፣ በአሮጌዎቹ 21፣ በአንዳንድ አዳዲሶቹ 14። ቡሶላውን ቀጥ አድርገው ያስገቡ፤ ካዘመመ ሴራሚኩን ይሰብራል። ሩብ ዙር ፈትቶ ከጠነከረ አያስገድዱት። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርገው ይጠብቁ፣ ከዚያ ትንሽ መልሰው ያጥብቁ፣ ትንሽ ይፍቱ፣ እንዲህ እያመላለሱ ያውጡት።

አሮጌው የሚናገረው

የወጡትን በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ደርድሩና ጫፋቸውን በብርሃን ተመልከቱ። አፈር መሰል ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ የአየር ፊልትሮው መደፈኑን፣ ወይም መኪናው ሳይሞቅ በአጭር ጉዞ ብቻ እንደሚውል ያሳያል። እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር ዘይት ነው፤ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበቶች) ወይም በቫልቭ ጎሚኒው በኩል ይገባል፣ ካንዴላ መቀየርም አያድነውም። ቤንዚን የሚሸት እርጥበት ያ ሲሊንደር እሳት አለማግኘቱን ይናገራል። ነጭ ሆኖ የተንጨረጨረ ጫፍ ግን ከሁሉም የበለጠ ያስፈራል፤ ቤንዚን አንሷል፣ ወይ ካንዴላው ሞቃት ነው፣ ወይ ልል ሆኖ ቆይቶ ሙቀቱን ማስተላለፍ አቅቶታል።

አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ ሁሉንም በሚመግበው በአየሩ ወይም በነዳጁ በኩል ይፈለጋል፤ አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ነው። ከባለስድስት ጎኑ ብረት በላይ፣ ነጩ ሴራሚክ ላይ ዙሪያውን የሚታይ ቡናማ ቀለበት ግን አያስደንግጥ፤ ብዙዎች የጋዝ ማምለጫ ነው ይላሉ፣ እውነቱ ግን ከፍተኛው ቮልት ከአየር የሳበው የዘይት ብናኝ ነው። ከላይ ወደ ታች የተሰመረ ጥቁር መስመር ካለ ግን ብልጭታው በውጭ በኩል እያመለጠ ነውና የቦቢናው ጎማም አብሮ ይቀየር።

አሮጌውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ መመለስ የተለመደ ነው፤ አይመከርም። ብሩሹ ሴራሚኩ ላይ የብረት ብናኝ ይተዋል፣ ኤሌክትሪኩም ክፍተቱን ሳይዘል በዚያ ያልፋል።

መግጠም

እዚህ ላይ ቁልፍ መጀመሪያ አይነካም። ካንዴላውን በማስረዘሚያው (ቡሶላው ላይ በሚሰካው ዘንግ) ጫፍ ብቻ፣ ወይም ጭንቅላቱ ላይ በተሰካ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ይዘው በጣት ያዙሩት። ቱቦው ጥሩ መላ ነው፤ ጥርሱ ተጣምሞ ከያዘ ራሱ ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም። መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብለው ያዙሩና ጥርሱ ጠብ ብሎ ቦታው ሲገባ ሲሰማዎት ወደ ቀኝ ይጀምሩ። በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት። ሁለት ዙር ሄዶ ከጠነከረ ተጣሟል፤ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።

ማጥበቁ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ቢሆን ይመረጣል። ማሸጊያ ቀለበት ላለው ባለ14 ሚሊ ሜትር ጥርስ በአሉሚኒየም ቴስታታ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር፣ ለ12 ሚሊ ሜትር ከ15 እስከ 20፣ ለ10 ሚሊ ሜትር ከ10 እስከ 12 ነው። መመሪያው የተለየ ከጻፈ የመመሪያው ይበልጣል። ቶርክ ሬንች ከሌለ ባለ14 ሚሊ ሜትሩን አዲስ ካንዴላ በጣት እስኪቆም ካዞሩ በኋላ በቁልፍ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጨምሩ፤ ቀለበቱ የሚጨፈለቀው በዚህ ነው። ቀለበቱ ቀድሞ የተጨፈለቀ፣ ማለት አገልግሎ የነበረ ከሆነ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ይበቃዋል። ቀለበት የሌለው፣ መቀመጫው ሾጣጣ የሆነው ደግሞ አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ከዚያ ካለፈ ሲፈታ አልወጣ ይላል።

ጥርሱን ግሪስ መቀባት ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። የዛሬ ካንዴላዎች ጥርሳቸው ዝገት በሚከላከል ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ ደረቅ መግባታቸው ይሻላል፤ ቅባት ግጭቱን ስለሚቀንስ ቶርክ ሬንቹ 25 ሲል ጥርሱ ከዚያ በላይ ተጎትቷል። ቅባት የሚገባበት ቦታ የቦቢናው ጎማ ውስጥ ነው፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሲሊኮን ግሪስ ጎማው እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ቦቢናውን ጠብ እስኪል ይጫኑ፣ ቡሎኑን በልኩ ያጥብቁ፣ ሶኬቱን ይሰኩ። ሞተሩ ሲነሳ ሚኒሞው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጠብ ያላለ ሶኬት ወይም በደንብ ያልተጫነ ቦቢና ነው። የስህተት ማንበቢያ ካለ ከ«ፒ0301» እስከ «ፒ0304» ያሉት ኮዶች የመጨረሻ አኃዛቸው ሲሊንደሩን ይጠቁማል። ኮዱ 2 ላይ ከሆነ የ2ን ቦቢና ከ3 ጋር ያቀያይሩ፤ ኮዱ ወደ 3 ከዞረ ቦቢናው ነው። 2 ላይ ከቀረ የ2ን ካንዴላ አውጥተው ሴራሚኩ ሲገጠም አለመሰንጠቁን ይዩ፤ ደህና ከሆነ ቀጣዩ ምርመራ የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) እና ኮምፕረሽን (የማመቅ ኃይሉ) ነው።