የቃሉ ረሃብ ከየት መጣ?

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ረሃብ ሲነሳ ስብከት ላይ ቶሎ የምትጠቀስ ጥቅስ አለች፤ አሞጽ 8፥11። እንጀራ ከማጣት ሳይሆን የእግዚአብሔርን ቃል ካለመስማት የሚመጣውን ረሃብ የምትናገረዋ። ጉባኤው ሲቀዘቅዝ፣ ወጣቱ ሲርቅ እሷን እናነሳለን። ደግም እናደርጋለን። ግን ያ ረሃብ ለምን መጣ? እስቲ እዚያው ምዕራፍ ላይ ከቁጥር 4 ጀምራችሁ አንብቡ።

አሞጽ ከቴቁሔ የመጣ እረኛ ነው። ዘመኑ የዮአስ ልጅ ንጉሥ ኢዮርብዓም በእስራኤል የነገሠበት ነው። አገሩ ጠግቧል፤ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ የሚተኙ ሰዎች አሉ። ሰንበትም ያከብራሉ፣ መባቻም ይጠብቃሉ። ልባቸው ግን ገበያ ነው። ሰንበቱ መቼ አልፎ እህላችንን በሸጥን ይላሉ። ደግሞ አሸጣጣቸውን እዩት፦ እህል የሚሰፍሩበትን ኢፍ ያሳንሱታል፣ የገዢውን ብር የሚመዝኑበትን ሰቅል ያከብዱታል። ድሃው በሁለቱም በኩል ተበላ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚሸጡለት የስንዴውን ግርድ ነው። ባዶ እጁን ሲቀር ራሱን በአንድ ጥንድ ጫማ ይገዙታል።

እግዚአብሔር ይህን ሥራቸውን ፈጽሞ እንደማይረሳ ማለ። የቃሉ ረሃብ የመጣው ከዚህ መሐላ በኋላ ነው። ከባሕር እስከ ባሕር ቢንከራተቱ ቃሉን አያገኙትም ተባለ። በእነሱ ሚዛን ሌላው ሰው ተርቦ ሲያድር ዝም ያሉ ሰዎች፣ ሰማይ ዝም አላቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች አምልኮ አላቋረጡም ነበር፤ በዓሉም መዝሙሩም ነበር።

እኛስ? እንጀራ ውስጥ ጀሶ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተቀላቀለ ሲባል የሰማነው በጿሚ አገር ነው። በዓል ሲቃረብ ዘይትና ጤፍ ደብቆ ዋጋ የሚያስወድድ ሰው ቅዳሴም ያስቀድሳል፣ አሥራትም ያወጣል። የቤት ሠራተኛዋን ደሞዝ እያቆየች ሱባዔ የምትገባ እህትም አለች። "ጸሎቴ አልሰማ አለኝ፣ ቃሉ አይገባኝም" ብለን ወደ አባቶች እንሄዳለን፤ መልካም ነው፣ እንሂድ። ግን በእኛ እጅ የተራበ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ እሱ እንሂድ።

ቀራጩ ዘኬዎስ እንዲህ ነው ያደረገው። ጌታ ቤቱ ሲገባ ቆሞ፣ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ጌታም ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆነለት አለ።

ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ጠዋት ስትከፍቱ ዕቃ ከመደርደራችሁ በፊት ሚዛናችሁን ፈትሹ። ሠራተኛ ያላችሁ፣ ያደረ ደሞዝ ካለ ዛሬ ማታ ስጡ።