የስዋሂሊ ሰላምታ፦ ከ«ሁጃምቦ» እስከ «ሆዲ»

ስዋሂሊ በኬንያና በታንዛኒያ ብሔራዊ ቋንቋ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 የሥራ ቋንቋው አድርጎታል። ያማረ ቋንቋ ነው፤ ውበቱም ገና ከሰላምታው ይጀምራል።

ዋናው ሰላምታ «ሁጃምቦ?» ነው። «ጃምቦ» ነገር፣ ጉዳይ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ነገር የለብህም?» እንደ ማለት ነው። መልሱ «ሲጃምቦ»፣ ነገር የለብኝም። ሰዎቹ ብዙ ከሆኑ «ሃምጃምቦ?» ይባላል፤ እነሱም «ሃቱጃምቦ» ይላሉ። ብቻውን የቆመው «ጃምቦ» የቱሪስት ሰላምታ ነው። ቋንቋውን መማር የሚፈልግ ሰው ባይለምደው ይሻላል።

«ሃባሪ ዛ አሱቡሂ?» ደግሞ የጠዋቱ ወሬ እንዴት ነው ማለት ነው። ቤት ውስጥ የታመመ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ «ንዙሪ»፣ ጥሩ ነው፣ ይባላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይወራል። እኛስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳንል መች የታመመ አለ እንላለን?

ቋንቋውን በላቲን ፊደል መዝግበው ካቆዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ይህ ሰው ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር ነበር። ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል በ1844 ሞምባሳ ገባ። በዚያው ዓመት ሚስቱና አራስ ልጁ ሞቱበት። እሱ ግን ቋንቋውን ማጥናቱን አልተወም። በ1850 የስዋሂሊ ሰዋስው አሳተመ። መዝገበ ቃላቱ የወጣው ግን ከሞተ በኋላ፣ በ1882 ነው።  

በ1928 የዛንዚባር አነጋገር ለጽሑፍ መደበኛ ሆኖ ተመረጠ።

ለታላቅ ሰው «ሺካሞ» ይባላል። ምንጩ «እግርዎን ያዝኩ» የሚል ነው። የሽማግሌ ጉልበት እየሳመ ላደገ ሰው አይከብደውም። ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላል። ሰላምታው ከባርነት ዘመን የቀረ ነው የሚሉ አሉ። ዛሬ ግን አክብሮት እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። በታንዛኒያና በኬንያ የባሕር ዳርቻ በደንብ ይሰማል፤ ናይሮቢ ላይ ይሳሳል። እዚያ ወጣቱ «ማምቦ?»፣ እንዴት ነው፣ ሲባል «ፖዋ»፣ አሪፍ፣ ብሎ ያልፋል።

ሰው ቤት ሲኬድ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ «ሆዲ!» ማለት ነው፤ ልክ እንደ እኛ «ቤቶች!»። ከውስጥ «ካሪቡ» ከተባለ ይገባል። ሦስት ጊዜ ተብሎ መልስ ከጠፋ እንግዳው ይመለሳል።