«ኮንትራት ነው» አልኩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንኳን ለግሸን ማርያም በዓል በሰላም አደረሳችሁ። መስከረም 21 ካለፈ ሰነበተ። እኔ ግን ከመንገዱ ገና አልገባሁም። ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ ልቤ ደሴ መናኸሪያ በር ላይ ቀርቷል።

የማኅበራችን ጉዞ አስተባባሪ እኔ ነበርኩ። አንድ ቅጥቅጥ በኮንትራት ይዘን ግሸን አምባ ላይ አደርን፣ አስቀደስን፣ ተመለስን። ደሴ ስንደርስ መሽቷል። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ የመንገዱን መብራት ውጦታል። ዳቦ ለመግዛት ቆም እንዳልን አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ በሩ መጣ። ጀርባው ላይ ልጅ አዝሏል። የልጅቷ አንደኛው እግር ጫማ የለውም።

«ወንድምዓለም፣ እስከ ኮምቦልቻ ብታደርሱን? ታክሲ ጠፋ። እከፍላለሁ።»

ከኋላ ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። ባዶ ስል ሰው አልተቀመጠበትም ማለቴ ነው። ሻንጣና የጠበል ጄሪካን ደርድረንበታል።

«ኮንትራት ነው» አልኩት።

«እሺ፣ በሰላም ግቡ» አለና ልጅቷን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አስተካከላት። በሩ ተዘጋ። መዝሙር ጀመርን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እንደ ሁልጊዜው ጆሮዬ ተደፈነ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘመርኩ። ከኋላዬ ያለች እህት ጠጋ ብላ «ክርስቲያን ነበር እንዴ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። 25 ኪሎ ሜትር እኮ ነው!

ያን ሌሊት ዘፍጥረት 18ን ገለጥኩ። አባታችን አብርሃም በቀትር፣ በዚያ ሙቀት፣ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። 99 ዓመቱ ነው። ከተገረዘም ብዙ አልቆየም፤ ምዕራፍ 17ን አንብቡ። ሦስት ሰዎች አየ። ምን አደረገ ይላል? «ሮጠ»። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ አስተምሬባታለሁ! 99 ዓመት የሆነው ሽማግሌ ሮጠ። እኔ የ40 ዓመቱ ጎልማሳ ከወንበሬ ብድግ እንኳ አላልኩም።

ከሁሉ ያስለቀሰኝ ደግሞ ልመናው ነው። «ባሪያህን አትለፈኝ» ይላል አብርሃም። ልብ አድርጉ፤ የሚለምነው እንግዳው አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። በእኛ መኪና በር ላይ ግን መንገደኛው ለመነ፣ እኔ ፈረድኩ። ደግሞ አብርሃም ቃል የገባው «ቁራሽ እንጀራ» ነው። ያቀረበው ግን የሰባ ጥጃ ነው። እኛ በተቃራኒው ነን። ስናወራ ጥጃ እናርዳለን፤ ሲደርስ ቁራሹም የለ።

አባቶቻችን በሐምሌ ሥላሴ የሚተርኩትን ታውቁታላችሁ። የአብርሃም ድንኳን መንታ መንገድ ላይ ነበር። ሰይጣን ቀናበት። ራሱን ፈንክቶ፣ ልብሱን ቀዶ መንገድ ዳር ቆመና «ወደ አብርሃም ቤት አትሂዱ፣ የድሮው አብርሃም መሰላችሁ? እኔን ደብድቦ አባረረኝ» አለ። እንግዳ ጠፋ። አብርሃምም ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን ጦሙን ዋለ። ከዚያ ሥላሴ በእንግድነት መጡለት።

ሰይጣን አብርሃምን አልነካውም፤ ያደረገው ወሬ መንዛት ብቻ ነው። ዛሬስ ራሱን መፈንከት ለምን ያስፈልገዋል? ስልካችን ውስጥ ተቀምጦ «ያ ሰፈር ሌባ ነው፣ እነዚያ አይታመኑም» ይለናል። እኛም ሼር እናደርግለታለን።

ዘመኑ ክፉ ነው ትሉኛላችሁ። ነው። መንገድ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሌሊት ያገኛችሁትን ሁሉ ጫኑ አልላችሁም። ግን በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን አትርሱ። እኛው ራሳችን ፌስታል አንጠልጥለን መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ያኔ «ክርስቲያን ነህ ወይ?» ብሎ የጫነን አልነበረም።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። 19 ዓመቴ ነበር። ደሴ ላይ መኪና አመለጠኝ፣ ዝናብ ያዘኝ፣ ሆጤ ሰፈር አንድ ቤት በረንዳ ስር ተጠለልኩ። ሻሽ ያሰሩ ሙስሊም እናት ብቅ አሉና «ግባ ልጄ፣ ምን ታፍራለህ» አሉኝ። መሽቶብኝ ነው አልኳቸው። «ቤት የእግዜር ነው» አሉ። ከሰል ላይ ጀበናው ይንተከተካል። ቆሎ ቀረበ። እንጀራ ሊያቀርቡ ሲሉ አንገቴን አዩና ቆም አሉ።

«ማተብ አስረሃል። ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል?»

ነው አልኳቸው። ልጃቸውን ጠሩ። «ሂጂ ከእትዬ ቤት የጦም ሽሮ ተቀብለሽ ነይ፤ የእኛ ድስት ቅቤ ነክቶታል።» ልጅቷ በዚያ ዝናብ ሳህን ጋቢ ውስጥ ሸፍና መጣች። ሽሮው ገና ትኩስ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እሳቸው ባያስታውሱኝ ኖሮ እኔ የረቡዕን ነገር ረስቼዋለሁ። ጦሜን የጠበቁልኝ እሳቸው ናቸው። በረካውን ሳልጠጣ ተነሥቼ እንዳልተኛም ተቆጡኝ።

ግሸንን እንድንወድ ያደረገን እዚያ ያረፈው የጌታ መስቀል አይደል? «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል»፣ መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር ተብሎ ንጉሥ ዘርዓ ያዕቆብ ቦታ ሲፈልግ አገር ለአገር የዞረው ለእሱ ነው። መስቀሉ ራሱ ማረፊያ የሚፈልግ መንገደኛ ነበር። እኛ ተሳልመነው ስንመለስ በዚያው ማታ ጄሪካን አስቀምጠን ሕፃን ከለከልን። ጠበሉን ቤቴ አስገብቼ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። አፍራለሁ።

ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞአ በዓል ነው። ማኅበራችን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይሄዳል። እሑድ ስብሰባ ላይ ሻንጣና ጄሪካን ጣሪያ ላይ ይታሰር፣ ከኋላ ሁለት ወንበር ይተው አልኩ። ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ «ማን እንደሚቀመጥ ሳናውቅ?» አለ። ሒሳብ ያዡ ደግሞ የሁለት ሰው ዋጋ ማን ይሸፍናል ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ እከፍላለሁ አልኩ። ክርክሩ ሳያልቅ ስም መዝጋቢዋ ልጅ ዝም ብላ ትጽፍ ነበር። አጎንብሼ አየሁት። 28ኛ፣ መንገደኛ። 29ኛ፣ መንገደኛ።