ጌጥ ላይ የሚጻፈው «ሃይፖአለርጀኒክ» የሚለው ቃል ለኒኬል አለርጂ (ኒኬል የተባለው ብረት ቆዳ ሲነካ ለሚያመጣው ማሳከክና ሽፍታ) ዋስትና ነው?

አይደለም። «አለርጂ የመቀስቀስ ዕድሉ አነስተኛ ነው» ለማለት ነው እንጂ ኒኬል የለበትም ማለት አይደለም።

ግራ የሚያጋባው ነገር ሌላ ነው። ወሳኙ ብረቱ ውስጥ ያለው ኒኬል ሳይሆን ወደ ቆዳ የሚወጣው መጠን ነው። 316ኤል የሚባለው የማይዝግ ብረት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል አለው። ግን ላዩ ላይ ያለው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን አፍኖ ስለሚይዘው ብዙ ሰው ያለችግር ያደርገዋል። በተቃራኒው ርካሽ ቅብ ጌጥ ቅቡ ሲላጥ፣ ላብ ሲነካው ኒኬሉን ይለቃል። የጂንስ ቁልፍና የቀበቶ ዘለበትም እንዲሁ።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግም የሚለካው ይህንኑ ነው። ቆዳን ለረጅም ጊዜ የሚነካ ዕቃ በሳምንት በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ መልቀቅ አይችልም። ለተበሳ ጆሮ ደግሞ 0.2 ነው። ልብ በሉ፣ ዜሮ አይደለም! ቆዳው በኒኬል በጣም በቀላሉ የሚቆጣ ሰው ከዚህ በታችም ሊያሳክከው ይችላል።

ነጭ ወርቅም ኒኬል ሊኖረው ስለሚችል ሳይጠይቁ አይግዙ። ለጆሮ እኔ የምመርጠው ንጹሕ ቲታኒየም ነው። ሽፍታው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሚወጣ፣ ዛሬ ካሳከካችሁ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ያደረጋችሁትንም አስቡ።