ደን ስለለመለመ መሬቱ ለም ነው ማለት አይደለም

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሥነ ሕይወት ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሐሩር ክልል የዝናብ ደን የሚያወሳው ምዕራፍ ላይ በደረስኩ ቁጥር አንድ እጅ ይነሣና «አማዞን እንዲህ የለመለመው መሬቱ ለም ቢሆን ነው» እባላለሁ። ተማሪ ቢለው አልቀየምም፤ የሚያሰለቸኝ ይህንኑ ቃል ከባልደረቦቼ፣ ከግብርና ባለሙያ፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር መስማቴ ነው። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን ቀለል ያሉትን ስሕተቶች ላንሣ።

«አማዞን ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶውን ይሰጠናል» ይባላል። ዛፎቹ የሚያመርቱትን ኦክስጅን ራሳቸው ሲተነፍሱ፣ የወደቀውን ቅጠልና ግንድ የሚያበሰብሱት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎችም ሲሠሩ መልሰው ስለሚጨርሱት፣ የተጣራው ድርሻ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። የደኑ ዋጋ በያዘው ካርቦንና ወደ ሰማይ መልሶ በሚልከው እርጥበት ነው።

«የዘጌ ደንም የዝናብ ደን ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። በተለመደው የአየር ንብረት አከፋፈል የዝናብ ደን አየር የሚባለው በየወሩ፣ አንድም ወር ሳይቀር፣ ቢያንስ 60 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት ነው፤ ጣና ዳር ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ደረቅ ነው። ወደዚያ የሚቀርብ ደን በአገሩ ማየት የሚሻ ሰው ወደ ከፋና ወደ ሸካ ይሂድ።

«የዝናብ ደን ከፍጥረት ጀምሮ እንዳለ የኖረ ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። በኮሎምቢያ የተገኙ ቅሪተ አካላት እንደሚያሳዩት፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግዙፍ የጠፈር ዐለት ከመውደቁ በፊት የነበረው ደን ገላጣና ጥድ መሰል ዛፎች የበዙበት ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው ጥቅጥቅ ያለና አበባ በሚያወጡ ዛፎች የተሞላው ደን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የግራራችን የሩቅ ዘመድ የሆነው ኢንጋ የሚባለው የአሜሪካ ዛፍ ወገን ወደ 300 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩት፣ አብዛኞቹ የተለያዩት በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ልመለስ። ለምና ለምለም ጆሮ ላይ እንደ እናትና ልጅ ስለሚሰሙ፣ አንዱ ባለበት ሌላው አይጠፋም ብለን እናምናለን። የጎጃም ሰው ግን ይህን ማመን አልነበረበትም። በባንጃም ሆነ በጎዛምን ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ለምንድን ነው? ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ እያጠበ ወስዶ አሉሚኒየሙን ስለሚተውና መሬቱ ስለሚኮመጥጥ ነው። የእኛ ክረምት በጥቂት ወራት ይህን ካደረገ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ለሚሊዮን ዓመታት የዘነበበት አሮጌ አፈር ምን ይቀረዋል?

አንድ ዓመት ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቄ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደን ሥር ሁለት የቲማቲም ጣሳ አፈር አመጣሁ። አንዱን ከላይ፣ ቅጠሉ ሲበሰብስ ከጠቆረው ንጣፍ ዘገንኩ፤ ሌላውን እዚያው ቦታ ክንድ ያህል ቆፍሬ ከቀዩ አወጣሁ። በሁለቱም ገብስ ዘራን። በሦስተኛው ሳምንት የላይኛው አረንጓዴ ሆኖ ሲቆም፣ የቀዩ ቅጠሉ ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ፤ ነቅለን ስናጥበው ሥሩ አጭርና ጫፉ የደነደነ ነበር። ሀብቱ ሽፋኑ ላይ እንጂ ከሥር አልነበረም።

በአብዛኛው አማዞን ይህ ነገር እጅግ የጎላ ነው። ምግቡ ያለው በአፈሩ ውስጥ ሳይሆን በግንዱ፣ በቅጠሉና በወደቀው ብስባሽ ነው፤ አብዛኛው ሥርም በላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ተንሰራፍቶ፣ ከፈንገሶች ጋር ተሻርኮ የወደቀውን ሁሉ ይለቅማል። በቬንዙዌላ በሪዮ ኔግሮ አካባቢ ተመራማሪዎች በሥሩ ንጣፍ ላይ ፎስፈረስና ካልሲየም ሲረጩ፣ አልፎ ወደ ታች የወረደው ከቁጥር የማይገባ ነበር። እንዲያውም ከጎደለው ፎስፈረስ ከፊሉ የሚተካው ከቻድ የደረቀ ሐይቅ ተነሥቶ አትላንቲክን በሚሻገር አቧራ ነው። እንደ ጃቫ ባሉ ወጣት የእሳተ ገሞራ አገሮች መሬቱ በእርግጥ ለም ነው፤ ያ ግን ከእሳተ ገሞራው እንጂ ከደኑ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ደኑን መንጥሮ የሚያቃጥል ሰው ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚያጭደው የአመዱን ምርት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያው ቀዩ ጣሳ ይቀረዋል። ለአካባቢዬም ሰው የምለው ይኸው ነው፦ ከዛፍ ሥር ቅጠሉን ለማገዶ ጠርጋችሁ አትውሰዱ፤ ገለባውንም ማሳው ላይ አታቃጥሉ፤ ኖራ ስትበትኑም ብስባሽ ጨምሩበት፤ ኖራ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል እንጂ የተወሰደውን ሁሉ አይመልስም።

የመጨረሻው «ፍሬ ከእናቱ ሥር ቢወድቅ ይሻለዋል» የሚለው ነው። የሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎቹ ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1970፣ ኮኔል በ1971 በየፊናቸው እንዳመለከቱት፣ የእናትየው ተባይና ፈንገስ የሚጠብቀው እዚያው ሥሯ ነው፤ የሚተርፈው ወፍ ወይም ዝንጀሮ አርቆ የጣለው ዘር ነው። የዝናብ ደን ዛፎች ከየዘራቸው ተራርቀው፣ ከባዕድ ጋር ተደባልቀው የሚኖሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመኪና አምራቹ አሜሪካዊ ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1928 አማዞን ውስጥ የጎማ ዛፍን ጎን ለጎን አስተከለ፤ የቅጠል በሽታው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለ ፈጀው፣ እርሻውም በ1945 ለብራዚል መንግሥት ተሸጠ። ያው የጎማ ዛፍ እስያ ውስጥ በረድፍ ተተክሎ የሚለማው በሽታው አብሮት ባሕር ስላልተሻገረ ነው።

በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ለከሰል በተተከለው ዲከረንስ በሚባለው የግራር ወገን ዛፍ ላይ የደረሰው ዋግም የዚሁ ታሪክ ዘመድ ነው፤ ከኮረብታ እስከ ኮረብታ አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ። ቅርንጫፉ ቡናማ ዱቄት የለበሰበት አንድ አባወራ «መምህር፣ ምን መድኃኒት ይረጫል?» ቢለኝ፣ ለወደፊቱ ብሳናና ዋንዛ እየቀላቀለ እንዲተክል መከርኩት። ቅርንጫፉን በእጁ እያገላበጠ ጥቂት ዝም አለና «ዋንዛው እስኪደርስ የልጆቹን ደብተር ማን ይገዛል?» አለኝ።