በጅማ ለንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ጥናት ተስማሚ ጆርናል ስለ መምረጥ

ጆርናል መምረጥ አንድ ጥናት በየትኞቹ ባለሙያዎች እንደሚገመገምና በማን እንደሚነበብ የሚወስን የምርምር ሥራ አካል ነው። በጅማ ለሚገኙ የፊዚክስ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጉዳዩ ከደረጃ ዕድገትና ከኅትመት ክፍያ ጋር ስለሚያያዝ፣ ምርጫው ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይከናወናል፤ መሆን የነበረበት ግን ረቂቁ ከመጠናቀቁ በፊት ነው።

አስተማማኙ መነሻ የጥናቱ የራሱ የዋቢ ዝርዝር ነው። ስለ ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያስተላልፍ ቁስ) የሽግግር ሙቀት የሚያሰላ ተመራማሪ ከጠቀሳቸው ሥራዎች አብዛኞቹ በፊዚካል ሪቪው ቢ የወጡ ከሆነ፣ አንባቢዎቹ ያሉት እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው ፊዚካል ሪቪው በ1970 በዘርፍ ሲከፋፈል የቁስ አካል ፊዚክስ ለ«ቢ»፣ የቅንጣትና የመስክ ንድፈ ሐሳብ ለ«ዲ» ደርሷል፤ የኳንተም ኦፕቲክስ ስሌትም በ«ኤ» ይስተናገዳል። ሒሳቡ ከፊዚካዊ ውጤቱ የሚያመዝን ሥራ ለጆርናል ኦፍ ፊዚክስ ኤ ይቀርባል። ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ዝናው ቢያጓጓም፣ ርዝመቱን በ3,750 ቃላት ገድቦ ከአንድ ዘርፍ ያለፈ ፋይዳ ስለሚጠይቅ፣ የታወቀን ሞዴል በአንድ ተለዋዋጭ ብቻ ያሰፋ ስሌት እዚያ መላክ ወራትን ማባከን ነው።

በደንበኝነት የሚሸጡ ብዙ ጆርናሎች ደራሲውን አያስከፍሉም። ለማንኛውም አንባቢ በነፃ ክፍት የሆኑት ግን ከደራሲው ከሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ይህም ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ብዙ እጥፍ ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ክፍያውን ስለሚያስቀሩ፣ ይህ ዕድል መኖሩ ጽሑፉ ከመላኩ በፊት መታየት አለበት። በከፍተኛ ኃይል ፊዚክስ ጄሄፕ (ጆርናል ኦፍ ሃይ ኢነርጂ ፊዚክስ)፣ በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን በሚመራውና የኅትመት ወጪን በጋራ በሚሸፍነው ስኮፕ3 በተባለ ኅብረት አማካይነት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደራሲውን ሳያስከፍል ክፍት ሆኗል። ሳይፖስት የተባለው የጆርናሎች አሳታሚም ከደራሲ ክፍያ አይቀበልም።

በኢሜይል «በሳምንት ውስጥ እናትማለን» እያሉ የሚጋብዙ ጆርናሎች በተቃራኒው ሊጠረጠሩ ይገባል፤ የንድፈ ሐሳብ ስሌትን በቅጡ የሚፈትሽ ገምጋሚ በሳምንት አይጨርስም። የአርታኢዎቹን ስምና የቅርብ ጊዜ ጽሑፎችን አንብቦ ማጣራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ብዙ ተመራማሪዎች ረቂቃቸውን እ.ኤ.አ. በ1991 በተጀመረው አርካይቭ (ረቂቅ ጥናቶች በነፃ በሚወጡበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀድመው ያወጣሉ፤ አዲስ ገቢ ግን በዘርፉ ያለ ሰው ድጋፍ ሊያስፈልገው ይችላል። ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናሎች መላክ አይፈቀድም። ሌተርስ ያልተቀበለውን ግን ደራሲው ከፈለገ ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር ወደ ሌላ የፊዚካል ሪቪው ዘርፍ ማዛወር ይችላል።